ያላነበብኩላት ወረቀት

ይድረስ ለታላቅ እህቴና ለአሳዳጊዬ ለእታለም፤

ከወሬው ሁሉ በፊት ሰላምታዬ ቀድሞ ቤትሽ ይግባ። እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ የሚንቋቋው ግራ ጉልበትሽ ዘንድሮ ዝም አለ ወይስ እንደኔ መለፍለፉን ቀጠለ? ጋሼ ባለቤትሽስ ያ ክረምት ከበጋ የማይለቃቸው ሳል ተሻላቸው? ልጅሽ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? ከአልጋሽ በላይ የሚያፈሰው ጣራ ተደፈነ ወይስ ዛሬም ባልዲ ደቅነሽ ነው የምትተኚው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ማለቴ ቁመቴ እንደዚያው ናት፣ አልጨመረችም፤ ምላሴም እንደዚያው ናት፣ አልቀነሰችም። የቀድሞው ደብዳቤ ጸሐፊዬ እዚህ ቦታ ላይ ሲደርስ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ የለም ብሎ ይጽፍልሽ ነበር። እኔ ዛሬ እንደዚያ ብዬ አልጽፍም። የጎደለ ነገር አለ፤ እሱን ልነግርሽ ነው የተቀመጥኩት።

መጀመሪያ ግን ይህን የእጅ ጽሑፍ አገላብጠሽ እይልኝ። የማን ይመስልሻል? ፖስታ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው የሚቀመጡት ሽማግሌ እንዳይመስሉሽ፤ እሳቸውን ካሰናበትኳቸው ቆየሁ። የኔ የራሴ ነው! የእፍኝ! ሲወለድ አንድ እፍኝ እንኳ አይሞላም ብላችሁ ስም ያወጣችሁለት ልጅ ይኸው ገጽ ሙሉ ይጽፋል። በማታ ትምህርት ቤት ሃያ ሦስት ሰዎች ነበርን፤ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። ጎረቤታችን ዘበኛው አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ ይላል፤ ድንገት ብታገኚው እንዳታምኚው፣ እሱ የራሱን ስም ሲጽፍ እንኳ ያልበዋል። መምህራችን ደብተሬን አይቶ ፊደሎችህ ወረፋ ላይ የቆሙ ሰዎች ይመስላሉ፣ እየተጋፉም ቢሆን አይበተኑም ብሎኛል። ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። ልብስ ስፌት ቤቱም ውስጥ ክብሬ ጨምሯል። እንደምታውቂው ሥራዬ የሱሪ እግር ማጠፍ ነው፤ ዱሮ የጥቁሩን ይህን ያህል፣ የቡኒውን ይህን ያህል እያሉ በቃል ይነግሩኝ ነበር፤ አሁን ሱሪው ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያዘውን ብጣሽ ወረቀት ራሴ አነባለሁ። አለቃዬ እንኳ መነጽሩን የረሳ ዕለት እኔን ነው የሚጠራው።

አንድ ጉድለት ብቻ ነበረብኝ፤ ድምፅ ሳላወጣ ማንበብ አልችልም። መምህራችን ያስተማረን ከመቀመጫችን እያስነሣ፣ ኋላ ያለው ሰው ይስማ እያለ ነው። ስለዚህ አፌ ካልተከፈተ ዓይኔም አይከፈትም። የሳሙና መጠቅለያም ይሁን፣ የመድኃኒት ብልቃጥም ይሁን፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያም ይሁን፣ ቆሜ በሙሉ ድምፄ ነው የማነበው። ያኔ የሚያስቅ ነገር ነበር። እታለም፣ አሁን የምነግርሽ ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ባለቤቴ እርጉዝ መሆኗን በሽማግሌው እጅ አስጽፌልሽ ነበር። እንኳን ደስ አላችሁ ብለሽ የመለስሽልንን ራሴ ሳነብላት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ስቃለች። የምንኖረው ስምንት በር ባለው ግቢ ውስጥ ነው፤ መካከሉ ላይ አንድ የውሃ ቧንቧ አለ፣ በሮቹ ሁሉ ወደ እሱ ያያሉ። የኛ በር ቁጥር ሰባት ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ የልብስ ሣጥን አለን። ግድግዳው ከመሳሳቱ የተነሣ ቁጥር ስድስት ያለው ሰውዬ ሲያስነጥስ እኛ ይማርህ እንላለን። የምስክር ወረቀቴን ከበሩ ትይዩ ሰቀልኩት፤ የገባ ሰው መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ እኔን፣ መጨረሻ ላይ ባለቤቴን ያያል። ከዚያ በኋላ ወረቀት ያለው ሁሉ ወደኔ መምጣት ጀመረ። በየፍራሹ ሥርና በየጣሳው ውስጥ ስንት ወረቀት ሳይነበብ ተቀምጦ ኖሯል መሰለሽ! አንዷ ወንበር የአንባቢው ሆነች፤ ባለጉዳይ ሣጥኑ ላይ ይቀመጣል፤ ባለቤቴ አልጋው ጫፍ ላይ ሆና ትሰማለች። እኔማ እንደ ዳኛ ነበር የምሰየመው። ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፣ እነሣለሁ፣ እጀምራለሁ።

ታዲያ ሰው ደስ የሚል ወረቀት ይዞ አንባቢ ቤት አይመጣም። ዘበኛው ከሥራ የተሰናበተበትን ደብዳቤ አመጣ፤ አንተ ማንበብ ትችል የለም ወይ ስለው፣ ዓይኔን አላመንኩትም፣ ባንተ አፍ ልስማው አለኝ። የቁጥር ሁለቷ መበለት ልጇ ከእስር ቤት የላከላትን አመጣች። የቁጥር አራቱ አናጢ የዓይኑን ምርመራ ውጤት አመጣ። ሁሉንም አነበብኩላቸው። አዲስ አንባቢ ነኝና ቀስ ብዬ፣ ቃል በቃል ነው የማነበው። ክፉ ወሬ ከኔ አፍ የሚወርደው እንደዚያ ጣራሽ ጠብታ ነው፤ ቀጣዩ መቼ ጠብ እንደሚል እየጠበቅሽ ዓይንሽን አፍጥጠሽ ትቀመጫለሽ። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ስትሰማ ሆዷን በሁለት እጇ ትሸፍነው ነበር። አይቻታለሁ። የበረዳት መስሎኝ ብርድ ልብስ ደረብኩላትና ንባቤን ቀጠልኩ።

ከዚያ የቁጥር ሦስቷ ዳቦ ሻጭ መጣች። ከሁለት ዓመት በፊት የወለደችው ልጅ ሳያለቅስ እንደቀረ ግቢው ሁሉ ያውቃል። ከሐኪም ቤት ስትወጣ የሰጧትን ወረቀት ግን ማንም አላነበበላትም፤ በላስቲክ ጠቅልላ፣ ከዳቦ ቅርጫቷ ሥር አድርጋ ስትዞር ኖራለች። ጥፋቱ የኔ ይሁን አይሁን ልወቅ፣ አንብብልኝ አለችኝ። ባለቤቴ አልጋው ላይ ነበረች። ልብ ያለው ሰው ቢሆን ነይ ውጪ እንቀመጥ ይል ነበር። እኔ የሐኪም ጽሑፍ እንኳ እንደማይበግረኝ ለማሳየት ቸኮልኩ። ቆምኩ። የእናቲቱን ዕድሜ አነበብኩ። የፅንሱ ዕድሜ ሠላሳ አንድ ሳምንት ይላል። ፅንሱ ከዕድሜው በታች አንሶ ተገኝቷል ይላል። የልብ ምት አልተሰማም ይላል። እያንዳንዱን ቃል ሁለት ሁለት ጊዜ አልኩት፤ አንድ ጊዜ እየታገልኩ፣ አንድ ጊዜ እንደ መምህር አሳምሬ። ዳቦ ሻጯ ጥፋትሽ ነው የሚል የለበትም? አለች። የለበትም አልኳት። አመስግናኝ ወጣች፤ እሷስ ቀለላት። ዞር ስል ባለቤቴ ግድግዳውን እያየች ስንት ሳምንት ነው ያልከው? አለችኝ። ሠላሳ አንድ አልኳት። እኔስ ስንተኛዬ ነው? አለችኝ። ሃያ ስድስተኛሽ አልኳት፤ መቁጠርም እንደማያቅተኝ ላሳያት ብዬ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ራቃት። ምግብ ሳቀርብላት ማንኪያውን ታነሣና መልሳ ታስቀምጣለች። በር በተንኳኳ ቁጥር ወረቀት የመጣ ይመስላታል፣ ክው ትላለች። ቀን እየቆጠረች እንደሆነ ገብቶኝ ነበር፤ ሴት ልጅ ትጨነቃለች፣ ያልፋል ብዬ ተውኩት። በሃያ ስምንተኛው ሳምንት ቀጠሮዋ ደርሶ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። አዋላጇ ረዥም፣ ኮስታራ ሴት ናት፤ ቀልዴ ከጆሮዋ አይደርስም። ከኪሷ ያወጣችውን ሳይ ግን ሳቄ መጣ፤ ሜትር! ሱሪ የምንለካበት ያው ቢጫ ሜትር! ከታች ካለው አጥንት ጀምራ እስከ ማህፀኑ ጫፍ ለካችና፣ በዚህ ጊዜ ሴንቲሜትሩ ከሳምንቱ ቁጥር ጋር መቀራረብ ነበረበት አለች። ያገኘችው ሃያ አምስት ተኩል ነው። ካርዱን አገላብጬ ያለፈውን አነበብኩ፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ሃያ አምስት ነበር። አዋላጇ ከቁጥሩ ሥር አሰመረችበትና፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ፣ ይህን ልጅ መከታተል አለብን አለችን።

እዚህ ላይ ደግሞ ሌላውን ጥፋቴን ስሚ። በዚህ ዓለም እንደ ሜትር አድርጌ የማውቀው ዕቃ የለም። ስንት ሺህ ሱሪ ለክቼ የአንዲት ሴት ሆድ ያቅተኛል እንዴ ብዬ ከስፌት ቤቱ አንድ ሜትር ይዤ መጣሁ። በየምሽቱ ከራት በፊት አስተኝቼ እለካት ጀመር። ቁጥሩንም ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ምን ላድርግ፣ ሌላ ማንበብ አላውቅም። ሃያ አምስት ተኩል። በማግስቱም ሃያ አምስት ተኩል። ከአልጋው ራስጌ ግድግዳው ላይ በስፌት ጠመኔ ጭረት እያደረግሁ መዘገብኩት። አንድ ምሽት እጄ ተንሸራቶ ሃያ አምስት ብዬ ሳነብ፣ ወደ ኋላ ይሄዳል እንዴ? አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በግድግዳው ማዶ የቁጥር ስድስቱ ሰውዬ ዛሬስ ስንት ሆነ? እያለ መጠየቅ ጀምሮ ነበር። እሱም በደህና ልቡ ነው። ሁላችንም በደህና ልብ ነበር የምናስጨንቃት።

በሠላሳኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ዕለት፣ አዋላጇ ስትለካት ሃያ ስድስት ሆነ። በአራት ሳምንት አንድ ሴንቲሜትር። ምን ያስጨንቅሻል? ብላ ባለቤቴን ጠየቀቻት። እኔ ተሽቀዳድሜ በየቀኑ እኮ እለካታለሁ፣ የኔም ሜትር እንዳንቺው ነው የሚለው ብዬ ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋት። አዋላጇ ሜትሬን ተቀበለችኝና መሳቢያዋ ውስጥ ከታ ቆለፈችበት። ባለቤቴን ለደም ግፊት ወደ ጎን ክፍል ልካ እኔን አስቀመጠችኝ።

የነገረችኝን እጽፍልሻለሁ፤ ለጎረቤት ሴቶችም ንገሪያቸው፤ ይልቁንም ለወንዶቹ። እናት ስትደነግጥ ልቧ ይሮጣል፣ ደም ሥሯ ይጠብባል፤ ድንጋጤው ቶሎ ካለፈ ግድ የለም፣ ያልደነገጠች እርጉዝ የለችም አለችኝ። ጭንቀቱ ለሳምንታትና ለወራት ሲቀመጥ ግን ጭንቀት የሚያመነጨው ሆርሞን የሚባል ንጥረ ቅመም በደሟ ውስጥ ይበዛል፣ ከፊሉም ወደ ልጁ ይሻገራል፤ ወደ ማህፀን የሚሄደው ደም ሊቀንስ ይችላል፤ እሷም አትበላም፣ አትተኛም፤ ልጁ የሚያድግበት ነገር ይጎድለዋል። እንዲህ ያለው ልጅ አንሶ ወይም ጊዜው ሳይደርስ ሊወለድ ይችላል። ተወልዶም ቶሎ ቶሎ የሚታመም፣ ኪሎ የማይጨምር፣ በትንሽ ኮሽታ የሚባንን፣ ለመሄድና ለመናገር የሚዘገይ ሊሆን ይችላል። ይሆናል አላልኩህም፣ ሊሆን ይችላል ነው ያልኩህ አለች፤ የልጅ ማነስ ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ደሟንም ሽንቷንም መርምረናል፣ እስካሁን ሌላ ነገር አላገኘንባትም። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ እቤት ውስጥ የሚያስፈራራት ማነው? አለችኝ። ማንም አያስፈራራትም፣ እኔ ብቻ አነብላታለሁ አልኳት።

እሷ ስትናገር እኔ የማስበው ስለ ማን እንደነበር አንቺ ታውቂያለሽ። አባታችን የሚቆፍረው የውሃ ጉድጓድ ሲደረመስበት እናታችን እኔን የስድስት ወር ይዛ እንደነበር፣ አራት ቀን ሙሉ ከጉድጓዱ አፍ ሳትነሣ እንደጠበቀች፣ በአምስተኛው ቀን ሬሳውን እንዳወጡት የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን ነግረሽኝ አታውቂም። እኔ ጊዜዬ ሳይደርስ መጣሁ፣ አንድ እፍኝ ሆኜ። ሦስት ዓመት እስኪሞላኝ አልሄድኩም፤ አዝለሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ። ብርድ በመጣ ቁጥር ደረቴ ይታፈናል። እስከ ዛሬ በር በኃይል ሲዘጋ ከመቀመጫዬ እዘላለሁ፤ ስፌት ቤት ያሉት ይስቁብኛል፣ እኔም ከነሱ ቀድሜ እስቃለሁ። ቀልድ የለመድኩት እንደዚያ ነው፤ ሳይስቁብኝ ላስቃቸው ብዬ። የጉድጓዱን ነገር ለአዋላጇ ነግሬ፣ እንግዲህ የኔ ማነስ የእናቴ ጥፋት ነው ወይ? ብዬ ጠየቅኋት። ጥፋት ከፈለግህ ብቻዋን የተዋትን ጠይቅ፣ እሷን አትንካ አለችኝ።

በዚያው ዕለት የንባብ ቤቴን ዘጋሁ። የምስክር ወረቀቴን አውርጄ ሣጥኑ ሥር ከተትኩት፤ የጠመኔውን ጭረት በእርጥብ ጨርቅ አጠፋሁት። ወረቀት ይዞ የመጣውን ሁሉ እየጎተትኩ ወደ ቧንቧው አወጣው ጀመር። በቃ አስተካከልኩት፣ እኔን የመሰለ ባል ከየት ይገኛል እያልኩ ራሴን ሳሞግስ፣ በማግስቱ ዓርብ ፖስተኛው ስፌት ቤቱ በር ላይ ለባለቤቴ የተጻፈ ደብዳቤ ሰጠኝ። ከወንድሟ ነው። መንገድ ላይ ብከፍተው ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ስለዚህ ልብስ መተኮሻው ክፍል ገባሁ፤ እዚያ እንፋሎቱ ሲጮኽ የሰው ድምፅ አይሰማም። ቆሜ አፌን ከፈትኩ፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ስደርስ ድምፄ ጠፋ። አፌ ተዘግቶ ዓይኔ ብቻውን ቀጠለ። ድምፅ ሳያወጡ ማንበብ የተማርኩት እንደዚያ ነው።

እናታችን ወድቃለች ይላል ወንድሟ። ግራ ጎኗ አይታዘዝም፣ ምላሷ ተሳስሯል፤ አጥርታ የምትናገረው የባለቤቴን ስም ብቻ ነው፤ እየጠራቻት ስለሆነ ቶሎ ትድረስ ይላል። ቀኑን ሳየው ደብዳቤው ከተጻፈ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። በሦስት ሳምንት ውስጥ ምን እንደሆነ ማን ያውቃል? እዚያ ድረስ ደግሞ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ነው፤ አዋላጇ ረዥም መንገድ አይታሰብም ብላለች። ይህን ለባለቤቴ ባነብላት ልጁን በገዛ አፌ መግደሌ ነው አልኩ። ወረቀቱን ሸሚዜ ኪስ ከትቼ ሄድኩ።

ጠርዙ ብቅ ብሎ ኖሯል። ገና ከበሩ ሳልገባ ከማን ነው? አለች። መንገዱን ሁሉ ውሸት ስሰፋ መጥቼ፣ ከወንድምሽ የምትል እውነት አመለጠችኝ። አንብብልኛ አለች። እኔ፣ ከሃያ ሦስት ሰው አንደኛ የወጣሁት፣ ወረቀቱን ዘርግቼ፣ የወንድምሽ ጽሕፈት አይነበብም፣ አልቻልኩትም አልኳት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ከምል ምላሴን ብቆርጥ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ ዛሬስ? አለች። ዓይኔን እያመመኝ ነው አልኳት። በሦስተኛው ቀን አልጠየቀችኝም። ያስፈራኝ ይሄኛው ነው። በአምስተኛው ቀን ሸሚዜን አጠበችው። ወረቀቱን ከኪሱ አውጥታ፣ ሸሚዙን አጥባ፣ አድርቃ፣ ወረቀቱን እንደታጠፈ ኪሱ ውስጥ መልሳ አምጥታ ሰጠችኝ።

ከትናንት ወዲያ ዓርብ ሲነጋጋ፣ ልጁ ዝም ብሏል አለችኝ። እየቀለድሽ ነው? ልላት ነበር፤ እቤታችን የሚቀልደው እኔ ብቻ እንደሆንኩ ትዝ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ጠበቀች፤ በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋትም ያው ሆነ፤ እጇን ይዤ እየሮጥኩም እየቆምኩም ጤና ጣቢያ ደረስን። አዋላጇ የመስሚያውን ቀንድ ሆዷ ላይ ተክላ ጆሮዋን ደፋች። አንዱን ቦታ ትታ ወደ ሌላው ሄደች። ደግሞ ወደ ሌላው። ያ የዳቦ ሻጯ ወረቀት ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው በጭንቅላቴ ውስጥ ተነበበ። ከዚያ አዋላጇ አለ አለች። ይመታል። ለረዥም ጊዜ አዳመጠችና፣ ከዛሬ ጀምሮ ከጠዋት እስከ ማታ ሲራገጥ ትቆጥሪያለሽ፤ አሥር ካልሞላ ሌሊትም ቢሆን ትመጫለሽ አለቻት። ወደኔ ዞር ብላ፣ አሁን ስንተኛ ሳምንት እንደሆነች ታውቃለህ? አለችኝ። ሠላሳ አንድ አልኳት። ድምፄ አልወጣም፤ ግን ሰማችኝ።

ባለቤቴ ጫማዋን እስክታደርግ የኪሴን ወረቀት ለአዋላጇ ነገርኳት። አንብቤላት ብትደነግጥስ ምን ትያለሽ? አልኳት። ተቆጣችኝ። ፍርሃቱን ወሰድክላት መሰለህ እንዴ? ስም የሌለው ፍርሃት ነው የሰጠሃት አለችኝ። ክፉ ወሬ ሁሉ አይቀርም፤ ግን በቀን ይነገራል፣ ሰው አጠገቧ ሆኖ ይነገራል፣ ተነግሯትም ብቻዋን አትተውም። ሐሙስ ደግሞ ይዘሃት ና፣ እለካታለሁ አለችኝ። ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ መንገዱ መካከል ላይ ቆመችና፣ በፊት የምታነበውን ነበር የምፈራው፣ አሁን የማታነበውን ነው አለችኝ።

እንግዲህ እታለም፣ የምለምንሽን ስሚኝ። የባለቤቴ እናት ቤት ካንቺ ድልድዩን ተሻግሮ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ይህ ወረቀት እንደደረሰሽ ሂጂ። ካሉ እጃቸውን ያዢልኝ፣ ልጅዎ የምትመጣው ልጇን ይዛ ነው በያቸው። ከሌሉም አይተሽ እውነቱን ያዢ። ከዚያ አውቶቡስ ተሳፍረሽ ወደኛ ነይ። ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንድ ወር ልዋስሽ ነው። እኔ ቀኑን ስፌት ቤት ነኝ፤ ባለቤቴ ብቻዋን ከግድግዳው ጋር ናት። አንቺ በእናታችን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመትሽ ነበር፤ ልጅ ነበርሽ፣ ምን ልታደርጊ ትችይ ነበር? አሁን ግን ታውቂያለሽ። መጥተሽ ከዚያ ጉድጓድ በኋላ እናታችን እንዴት እንደከረመች፣ ማን አጠገቧ እንደነበር፣ ማን እንዳልነበረ ለሁለታችንም ንገሪን፤ ሳላቋርጥሽ እሰማለሁ፣ ቃል እገባለሁ። ባለቤቴንም እፍኝ ሆኖ የመጣም ይኖራል በያት። እኔ ብነግራት ቀልድ ይመስላታል።

ጋሼ ባለቤትሽን እጅ ነስቼ ሰላም ብያለሁ፤ ለሳላቸው ሞቅ ያለ ውሃ ይጠጡ፣ በብርድ አይቀመጡ። ልጅሽን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ የአጎቷን ጽሕፈት አይታ እንዳትስቅ፣ ከሳቀችም በደብዳቤ ትሳቅ፣ መልስ እጠብቃለሁ። ወፍጮ ቤት ያሉትን እትዬን፣ ያን ነካሽ ውሻሽን ሳይቀር፣ ሁሉንም በየስማቸው ሰላም በይልኝ። ባለቤቴም እጅግ አድርጋ ሰላም ብላሻለች።

ሰላምታዋን ጻፍልኝ ስትል ቀና ብላ ወረቀቱን አየችና፣ ይህን ሁሉ ገጽ ምን ብለህ ሞላኸው? ስትጨርስ አንብብልኝ አለችኝ። ያስፈራሻል አልኳት። እኔ ፈርቼ ጨርሻለሁ፣ የቀረኸው አንተ ነህ አለችኝ። እሺ ብያታለሁ። የአንባቢውን ወንበር ለእሷ ሰጥቻታለሁ፤ እኔ ሣጥኑ ላይ ነኝ። ዳቦ ሻጯን ጠርቻት ከጎኗ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ እጇን ይዛታለች። በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼዋለሁ፤ ፀሐይ እስከ ሣጥኑ ድረስ ገብታለች። የወንድሟን ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ ጉልበቴ ላይ አድርጌዋለሁ። ልጁ ከጠዋት ጀምሮ ስድስት ጊዜ ተራግጧል። አራት ይቀረዋል።

አሁን ብዕሬን አስቀምጬ ከመጀመሪያው መስመር፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው ከሚለው፣ እጀምርላታለሁ።

አዝለሽ ያሳደግሽኝ ታናሽ ወንድምሽ
እፍኝ

ከቧንቧው ፊት ለፊት፣ ከበር ቁጥር ሰባት
እሑድ፣ ግንቦት ፲፩ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት